የጥንቱ ማረሻ ለምን አልተለወጠም?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በበሬ የሚጎተተው ማረሻ ከሺህ ዓመት በላይ አገልግሎ ዛሬም በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ዋናው የእርሻ መሣሪያ ነው። ጉድለቱ የታወቀ ነው። ትልሙ ጠባብ ስለሆነ በመካከሉ ያልታረሰ መሬት ይተዋል፤ በመሆኑም አግድም መልሶ መድገምና መሠለስ ግድ ይሆናል። ለጤፍ አራትና አምስት ጊዜ የሚታረስበት አካባቢ ብዙ ነው። ታዲያ ለምን አልተለወጠም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገበሬው ለውጥ አይወድም» የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል አይደለም።

ማረሻ ብቻውን የቆመ መሣሪያ አይደለም። ሞፈሩ፣ እርፉና ድግሩ በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት ይጠረባሉ። ብረቱን የመንደሩ ቀጥቃጭ ይሠራዋል፤ ሲዶለድም መልሶ ይስለዋል። ገበሬው በትከሻው ተሸክሞት ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ በጋው ያከሳቸው በሬዎችም ይጎትቱታል። በአንጻሩ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከውጭ የገቡት አፈር ገልባጭ የብረት ማረሻዎች ለበሬ ይከብዱ ነበር። ሲሰበሩም በመንደር የሚጠግናቸው አልነበረም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የቢቢኤም ታሪክ ነው። በዋልካ መሬት ውኃ ስለሚተኛ ገበሬው ዘሩን ይዞ ክረምቱ እስኪገፋ ይጠብቃል። ይህን ለማቃለል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለሙያዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ውኃው ስለሚጠነፈፍ ቀድሞ መዝራት ተቻለ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ለበሬ ከበዱ፤ ቀለል ያሉት የመጡት ኋላ ነው። ሁለተኛው ችግር ከክብደቱም የባሰ ነበር። ከአንዱ ማሳ የወጣ ውኃ መሄጃ ካልተበጀለት ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ይተኛል። የአንዱ ሰብል ሲያምር የሌላው ይበሰብሳል፤ ጠብም ይነሣል።

ስለሆነም ነባር ሥራ የሚዘገየው በአሮጌው መሣሪያ ዙሪያ በሬው፣ ቀጥቃጩ፣ ጎረቤቱና የዘር ወቅቱ ተያይዘው ስለቆሙ ነው። አንዱን ብቻ መለወጥ ሌላውን ያናጋል። የከሸፈ ሙከራ ለጽሕፈት ቤት በሪፖርት ላይ የምትሰፍር አንዲት መስመር ናት፤ ለገበሬው ግን የዓመት ቀለብ ነው።

እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጉልበት ይታያል። አንደኛ፣ ማሳቸው የሚዋሰን አባላት ክረምቱ ሳይገባ የጋራ የውኃ መውረጃ ይቆፍሩ። ሁለተኛ፣ የቀበሌው ቀጥቃጭ አዲሱን መሣሪያ መሥራትና መጠገን ይሠልጥን። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በመጀመሪያው ዓመት በኪራይ ይቅረብ፤ ክፍያውም እህል ከተወቃ በኋላ ይሁን።

ከአመራሩም የሚጠበቅ አለ። የሥራው መለኪያ የተከፋፈለው መሣሪያ ብዛት መሆኑ ቀርቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ከማሳ ላይ ሲሠራ የሚገኘው ይቆጠር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!