በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ቢራቢሮን ፎቶግራፍ ማንሣትና መለየት
(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ስንነጋገር ዘወትር የምንቈጥረው ዛፉን ነው፤ ጽዱ ስንት ቀረ፣ ወይራው በቀለ ወይ፣ ዝግባውን ማን ቈረጠው እንላለን። ዛሬ ልናነሣላችሁ የፈለግነው ግን ቆሞ የማይቈጠረውን ፍጥረት፣ ቢራቢሮን ነው። ለሰበካ ጉባኤ ሥራ የራቀ ነገር መስሎ እንደሚታይ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከንግሥ በዓል በፊት የምትወስኑትን አንድ ውሳኔ በቀጥታ ይነካል፤ ይኸውም በቅጽሩ ውስጥ ያለው ቍጥቋጦ ይመንጠር ወይስ ይቈይ የሚለው ነው።

ቢራቢሮ ለምግቧ በየአበባው ብታርፍም እንቁላሏን የምትጥለው እጮቿ ሊበሉት በሚችሉት ተክል ላይ ነው፤ የብዙዎቹም ምርጫ ጠባብ ነው። የለመደውን ቅጠል ያጣ እጭ በሌላ ለምለም ቅጠል መካከል ሆኖ በራብ ይሞታል። ያ ተክል ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንመካበት ትልቅ ዛፍ ሳይሆን ከሥሩ ያለው፣ ለድንኳን መትከያ ሲባል በገጀራ የሚጠረገው ቍጥቋጦና ሐረግ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ በዚህ ቍጥር ውስጥ ቍጥቋጦውና ሐረጉም አለበት። እኛ «ጥሻ» ብለን የምናልፈው ነገር ስም ያለው፣ የሚቈጠር ሀብት ነው ማለት ነው።

ቢራቢሮ ከሩቅም በርራ ልትመጣ ስለምትችል አንድ ጊዜ መታየቷ ብቻ ብዙ አያስረዳም። ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶግራፍ እንቁላል ስትጥል የተነሣው ነው። በፊት እግሮቿ ቅጠሉን ደጋግማ ትነካለች፤ እንዲህ አድርጋ ታጣጥመዋለች። ከወደደችው ሆዷን አጥፋ እንቁላሏን ትለጥፋለች። ይህን ያየ ሰው ቢራቢሮዋንም ቅጠሉንም ያንሣ፤ የተክሉን ስም ደግሞ ከአካባቢው አረጋውያን ይጠይቅ። ከመጻሕፍት ይልቅ እነርሱ ፈጥነው ሲመልሱ ብዙ ጊዜ ታዝበናል።

ለማንሣት ትዕግሥት ከመሣሪያ ይበልጣል። በደጋው ቢራቢሮ ሰውነቷ ሳይሞቅ መብረር አትችልምና ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ትገኛለች። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ሊወጡ የሚችሉበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ከሩቅ አንሡ፤ ብትሸሽ እንኳ አንድ ማስረጃ በእጃችሁ ቀረ። ከዚያ ዝቅ ብላችሁ በዝግታ ቅረቡ። ጥላችሁ እንዳያርፍባት ተጠንቀቁ፤ ጥላ ለእርሷ የወፍ መምጣት ነው። ስልኩን ከክንፏ ገጽ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙት፤ አለዚያ ግማሹ ክንፍ ጠርቶ ግማሹ ይደበዝዛል። የክንፉን ላይኛም ታችኛም ገጽ ለማግኘት ሞክሩ፤ መለያው ምልክት በየትኛው እንዳለ አስቀድሞ አይታወቅምና።

ቀለም ብቻውን እንደሚያታልል አንድ ምሳሌ እንስጥ። ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ በብዙ ቦታ ትታያለች። እጯ ሲቈረጡ ወተት የሚያወጡ ተክሎችን ስለሚበላ መርዙን ይዛ ታድጋለች፤ ወፎችም ይርቋታል፤ ስለዚህ ሳትቸኩል ትበርራለች። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የተባለችው የሌላ ወገን ቢራቢሮ እንስቷ የዚህችኑ ልብስ ለብሳ ትዞራለች፤ ለወፍ ግን መርዝ የላትም። ወንዱ ጭራሽ አይመስላትም፤ ጥቁር ሆኖ በወይን ጠጅ ጨረር የተከበቡ ነጭ ክበቦች አሉት። ሁለቱን ብርቱካንማዎች የሚለየው የኋላ ክንፍ ነው፤ ዳናውስ በክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ሲኖሯት፣ አስመሳይዋ ግን በክንፉ የፊት ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አላት። የኋላ ክንፉ በአበባ የተሸፈነበት ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለመለየት አይጠቅምም።

ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍም ለሀገራችን ሁልጊዜ አይበቃም። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ በአብዛኛው አፍሪካ ወንዱ ቢጫና ጥቁር፣ በኋላ ክንፉ ላይ ረጅም ጭራ ያለው ሲሆን፣ እንስቷ ጭራ የሌላትና ሌሎች መርዛማ ቢራቢሮዎችን የምትመስል ናት። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ እንስቶች ጭራ ያላቸውና ወንዱን የሚመስሉ ናቸው። ይህ የኛው ዓይነት በ1883 እ.ኤ.አ. አንቲኖሪ ተብሎ ተሰየመ፤ ስሙ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ተቀምጦ በ1882 እ.ኤ.አ. በዚያው ላረፈው ጣሊያናዊ ተጓዥ መታሰቢያ ነው። በዚያ ዘመን ለመለየት መግደልና በመርፌ መውጋት ግድ ነበር፤ ዛሬ ስልክ በቂ ስለሆነ በደኑ ውስጥ መረብ ይዞ መግባት አያስፈልግም እንላለን። የዳርዳኑስ እጭ የሎሚ ዘመድ የሆኑ ተክሎችን ይበላል፤ ከእነርሱም አንዱ ለመፋቂያ የምንቈርጠው ልምጭ ነው።

ካራክሰስ የሚባሉት ጠንካራና ፈጣን ቢራቢሮዎች ከዛፍ ጫፍ ስለማይወርዱ ያስቸግራሉ። አበባ ብዙም አይስባቸውም፤ የሚወዱት ከዛፍ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ የበሰበሰ ፍሬና ፋንድያ ነው። ባለሙያዎች የበሰበሰ ሙዝ በቢራ ለውሰው ያስቀምጡላቸዋል። በየደብሩ ከዝክር ማግስት አተላ አይጠፋምና እርሱን ከሙዝ ጋር ለውሶ ከቅጽሩ ዳር በድንጋይ ላይ ማኖር ወጪ የሌለው ሙከራ ነው። በሚመገቡበት ጊዜ ክንፋቸውን ስለሚያጥፉ የታችኛውን ገጽ በደንብ ለማንሣት ይመቻል።

ጥቃቅኖቹን ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ግን በፎቶግራፍ ብቻ እስከ ዝርያ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በወገን ስማቸው ብቻ መመዝገብ በግምት የዝርያ ስም ከመስጠት ይሻላል።

እንግዲህ ከሰበካ ጉባኤያት የምንጠይቀው ይህን ነው። ከመመንጠሩ በፊት፣ በተለይም ክረምቱ ወጥቶ ደኑ ሲያብብ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሁለት ሦስት ወጣቶች በአለቃው ወይም በአበምኔቱ ፈቃድ ቅጽሩን ይዙሩ። ድንኳን የግድ ከሆነ አንዱ ወገን ይጠረግ፤ በግንቡ ዙሪያ ያለው ቍጥቋጦ ግን ይቈይ፤ በስፍራውም ባሕር ዛፍ አይተከልበት። ባሕር ዛፍ ገቢ እንደሚያስገኝ አንክድም፤ ቦታው ግን ከቅጽሩ ውጭ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ቀኑ፣ የአጥቢያው ስምና ያረፈችበት ተክል ይጻፍ፤ መዝገቡም ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ። የተክሉ ስም ካልታወቀ ቅርንጫፍ ሳትቈርጡ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ አንሥታችሁ ላኩልን።