ለድሪፍት መኪና ሞተር ስለ መምረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። መኪናን በጎን እያንሸራተቱ መንዳት፤ ማለት ድሪፍት የሚባለው ነገር፤ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የምናገረው ስለ ጨዋታው ሳይሆን በውስጡ ስላለው የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ ወጣት ለብዙ ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የመኪናውን ሞተር በሌላ ሞተር ለመለወጥ ሲነሣ በምን መመዘኛ ይምረጥ? ተሳስቶ የመረጠ እንደ ሆነ ገንዘቡም ያልቃል፤ መኪናውም ኮፈኑ እንደ ተከፈተ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ድሪፍት የተወለደው በጃፓን አገር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የተባለው ተወዳዳሪ ኩርባውን እየተንሸራተተ በማለፍ ታወቀ። ከእርሱ በኋላ ኬይቺ ፁቺያ ይህንኑ ጥበብ በተራራ መንገድ እየተለማመደ ለብዙዎች አሳየ። በ2001 በጃፓን ዲ1 ግራንድ ፕሪ፤ በ2004 ደግሞ በአሜሪካ ፎርሙላ ድሪፍት መደበኛ ውድድር ሆነው ተጀመሩ። ልብ በሉ፤ በዚህ ውድድር አሸናፊው ቀድሞ የደረሰው አይደለም። ዳኞች የሚመለከቱት መኪናው ምን ያህል እንደ ዞረ፤ የተሰመረለትን መንገድ እንደ ጠበቀና አነዳዱ እንዴት እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ምን ሥራ እንዲሠራልን ነው የምንፈልገው? በድሪፍት ጊዜ የኋላ ጎማዎች ከኩርባው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መሽከርከር አለባቸው። ኃይሉ በመካከል ቢደክም ጎማው መሬቱን ይይዝና መኪናው በድንገት ይቃናል፤ አለዚያም ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ብቻ የሚገኝ ታላቅ ቁጥር ሳይሆን፤ እግር ነዳጅ መስጫውን እንደ ነካ ወዲያው የሚመልስ ጉልበት ነው። ሞተራቸው ከፊት ሆኖ በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪናዎች የሚመረጡትም ስለዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዲኤክስ ብሎ የሚጠራት የቀድሞዋ ኮሮላ እንኳ በኋላ ጎማ የምትነዳ በመሆንዋ፤ በድሪፍት ስም ላተረፈችው ኤኢ86 የቅርብ ዘመድ ናት።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ መኪና እንውሰድ። ኒሳን ኤስ13 በጃፓን ሲልቪያ ተብሎ ከ1988 ጀምሮ የተሸጠ ሲሆን፤ በአሜሪካ 240ኤስኤክስ በሚል ስም ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ሆኖ ቀርቧል። ለዚህ መኪና ዘወትር የሚታጩት ሦስት ሞተሮች ናቸው።

አንደኛው የኒሳን ኤስአር20ዲኢቲ ነው። 2 ሊትር፤ አራት ሲሊንደር፤ አካሉ አሉሚኒየም፤ ቱርቦ ያለው፤ ኃይሉም ወደ 205 የፈረስ ጉልበት ነው። ኒሳን ራሱ በ1991 በሲልቪያ ውስጥ ስላስገባው ለመኪናው የቤት ልጅ ነው፤ መቀመጫውን ለማግኘት ብዙ መቁረጥና መበየድ አያሻም። ድካሙ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ማዘግየቱ ነው። ደግሞም ሲልቪያ ከ2002 ወዲህ መሠራቱ ስለ ቀረ የሚገኘው ሞተር ብዙ ያገለገለ ነው።

ሁለተኛው የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ነው። 3 ሊትር፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፤ ሁለት ቱርቦዎች፤ ብረት አካል ያለው ነው። በጃፓን ወረቀት ላይ 280 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጻፈ፤ ምክንያቱም የጃፓን ፋብሪካዎች ከዚህ በላይ ላለማስታወቅ እስከ 2004 ድረስ ተስማምተው ነበር። ብርቱ በመሆኑ ከዚያ እጅግ የበለጠ ኃይል ይሸከማል። ነገር ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ ክብደቱም በመኪናው አፍንጫ ላይ ያርፋል። ዝናውም ዋጋውን ሰቅሎታል።

ሦስተኛው የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ1 ነው። በ1997 በኮርቬት መኪና የወጣ፤ 5.7 ሊትርና ስምንት ሲሊንደር ያለው፤ ያለ ቱርቦ 345 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። 5.7 ሲባል የሰማ ሰው ሞተሩ ኮፈን ውስጥ አይገባም ብሎ ይፈራል። ዳሩ ግን ካምሻፍቱ አንድ ብቻ ሆኖ በአካሉ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ራሱ ትንሽ ነው፤ አካሉም አሉሚኒየም ነው። ጉልበቱ ከታች ጀምሮ አለ። ጉድለቱ ለኒሳን ባዕድ መሆኑ ነው፤ ማቀፊያው፤ የዘይት መያዣውና የጭስ መውጫው ሁሉ እንደ ገና መሠራት አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ኃይለኛ ሞተር ይገዛ፤ ሌላው ይከተላል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሞተር ብቻውን አይመጣም፤ ካምቢዮ፤ ፍሪሲዮን፤ ዲፈረንሻልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ መኪናው በጎን ሲሄድ ራዲያተሩ የሚገባውን ነፋስ አያገኝም፤ ሞተሩ ግን በኃይል ይሽከረከራል። ዘይቱም ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ ውድ የተባለው ሞተር በጥቂት ሴኮንድ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ፍርዴን በአጭሩ ልናገር። መራጩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መለዋወጫው በአገሬ ይገኛልን? ክብደቱ የት ያርፋል? ሞተሩን ከገዛሁ በኋላ ስንት ይተርፈኛል? ገና የሚማር ሰው መኪናው ይዞት የመጣውን ሞተር ይጠብቅ፤ ገንዘቡንም ለጎማ፤ ለጥሩ ወንበር፤ ለራዲያተርና ለዲፈረንሻል ያውለው። ችሎታው ከሞተሩ ሲበልጥ፤ የኒሳን ዕቃ በቀላሉ በሚገኝበት አገር ኤስአር20ን፤ የአሜሪካ ዕቃ በሚበዛበት አገር ኤልኤስ1ን እመርጥለታለሁ። 2ጄዜድን ግን ብዙ ኃይል በእውነት ለሚያስፈልገው ተወዳዳሪ እተወዋለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ሞተር በአንድ ቀን ውስጥ ሳይሰበር ብዙ ጊዜ የሚያስለምድ ነው።

ልምምዱም በተከለለ ሜዳ እንጂ ሰው በሚመላለስበት ጎዳና መሆን የለበትም፤ የሰው ነፍስ መለዋወጫ የላትምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ መሐንዲሶች ስንሆን ድልድይም ይሁን ፋብሪካ ስንመርጥ የሚያባብለን ታላቁ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከማድነቃችን በፊት ሥራውን እንጠይቅ።