ውኃን በሒሳብ ስለ መረመረው ስለ ሊቁ ኦይለር
በቃሊቲ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ቃሊቲ የወንዝ ጎረቤት ናት። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በዚያ ያለው ግድብም በአገራችን ከውኃ ኃይል መብራት በማውጣት ቀዳሚ እንደ ሆነ፥ ብዙ ዘመንም ሥራ ፈትቶ ቈይቶ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ሥራ እንደ ጀመረ ታውቃላችሁ። ውኃ ከከፍታ ወርዶ መንኰራኵር ሲያሽከረክር ለማየት ዐይን ይበቃል፤ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ አስቀድሞ ለማወቅ ግን ሒሳብ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው ሌዎናርድ ኦይለር ይባላል። ስለ እርሱ ለመናገር የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ሒሳብ ለገበሬ ልጅ ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ በየመንደሩ ስለሚነሣ ነው። ሁለተኛው፥ ዐይኑ የታወረ ልጅ ዛሬም በብዙ ቤት ከትምህርት ስለሚቀር ነው።

ኦይለር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ1707 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ የወንጌል ሰባኪ ስለ ነበረ ልጁም የእርሱን መንገድ እንዲከተል ይፈልግ ነበር። ነገር ግን በከተማው ዮሐንስ ቤርኑሊ የሚባል ስመ ጥር የሒሳብ መምህር ነበረ። ይህ መምህር ሥራ ስለ በዛበት ብላቴናውን ለብቻው ሊያስተምረው እንቢ አለ፤ ዳሩ ግን ከባድ ከባድ መጻሕፍት እየጠቈመው፥ ራሱ አንብቦ ያልገባውን ብቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። መምህራን ሆይ፥ ይህን ልብ በሉት፤ ከብዙ ሰዓት ትምህርት ይልቅ ያች የቅዳሜ ጥያቄ ሊቅ ያወጣች ይመስለኛል።

በ1727 ወደ መስኮብ አገር ሄዶ በፒተርስቡርግ በተቋቋመው የሊቃውንት ማኅበር ገባ። በዚያም የመምህሩን ልጅ ዳንኤል ቤርኑሊን አገኘ፤ ዳንኤልም በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ውኃ በአግድም ቧንቧ ውስጥ ፈጥኖ በሚሄድበት ስፍራ ግፊቱ እንደሚያንስ አስረዳ።

ኦይለር በ1741 ወደ በርሊን ተጠርቶ የፕሩሲያን ንጉሥ ፍሬድሪክን ያገለግል ጀመር። ንጉሡም በፖትስዳም ባሠራው በሳንሱሲ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ውኃ ወደ ሰማይ ሲፈናጠር ለማየት ተመኘ። ውኃው በነፋስ ወፍጮ በሚንቀሳቀስ መሳቢያ ወደ ኮረብታ ተገፍቶ ይወጣና በዚያ ከተሠራው ኩሬ በኃይል ይወርዳል ተብሎ ታሰበ። ሠራተኞቹ ግን ቧንቧውን ከእንጨት ሠሩት፤ ፈነዳም። በ1749 ኦይለር ነገሩን መርምሮ፥ መሳቢያው ሲገፋ በቧንቧው ላይ የሚያርፈው ግፊት በቆመ ውኃ ከሚገመተው እንደሚበልጥ፥ ሥራው እንዲሁ ከቀጠለም ውኃው ከኮረብታው እንደማይደርስ አስታወቀ። ንጉሡ ለወጪ ሣሥቶ ምክሩን ቸል አለ፥ ሥራውም ከሸፈ። ከብዙ ዓመትም በኋላ፥ በ1778 ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ ጥፋቱን በኦይለር ሒሳብ ላይ ጣለው። ይህም ወሬ በመጻሕፍት ሲደጋገም ስለ ኖረ፥ ሒሳብ ለሥራ አይረባም የሚሉ ሰዎች እንደ ማስረጃ ያነሡት ነበር። ፍርዱ የተገለበጠ ነው፤ የከሸፈው ሒሳቡ ሳይሆን ያልሰሙት ሰዎች ሥራ ነበር። ውኃው በሚገባ የተፈናጠረው በእንፋሎት መኪና በ1842 ነው፤ ያን ጊዜ ንጉሡም ሊቁም በሕይወት አልነበሩም።

የኦይለር ታላቅ ሥራ የታተመው በ1757 በበርሊን የሊቃውንት ማኅበር መጽሐፍ ነው። አሳቡም እንዲህ ነው። በአቃቂ ውኃ ውስጥ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጠብታ ለይታችሁ ዐስቡ። ከኋላዋ ያለው ውኃ ይገፋታል፥ ከፊቷ ያለውም ይገፋታል፥ ክብደቷም ወደ ታች ይስባታል። የኋላው ግፊት ቢበረታ ትፈጥናለች፤ የፊቱ ቢበረታ ትዘገያለች። ደግሞም ውኃ ተጨምቆ ስለማያንስ፥ መንገዱ በጠበበበት ስፍራ የገባው ሁሉ ይወጣ ዘንድ መፍጠን አለበት። ኦይለር ይህን ለእያንዳንዷ ጠብታ በየስፍራውና በየጊዜው እንዲሠራ አድርጎ በጥቂት መስመር ጻፈው። የመስኖ ቦይ የሚቀድ የገበሬ ልጅ፥ ቦዩ በጠበበበት ውኃው አፈሩን ለምን እንደሚቦረቡር ከዚህ ያስተውላል። አይሮፕላን የሚሠሩና የአየርን ጠባይ አስቀድመው የሚናገሩ ሊቃውንትም ከዚሁ ሥር ይነሣሉ። ውኃ ስለሚያሽከረክረው መንኰራኵር የጻፈው ሒሳብ ደግሞ እስከ ዛሬ የተርባይን ሠሪዎች መነሻ ነው።

ጉድለትም አለበት። ውኃ እርስ በርሱና ከቧንቧው ግድግዳ ጋር የሚያደርገውን መተሻሸት አልቈጠረም፤ በእርሱ ሒሳብ ማር እንደ ውኃ በቀላሉ ይፈስሳል። ይህን ፈረንሳዊው ናቪዬ በ1822፥ አየርላንዳዊው ስቶክስም በ1845 አሟሉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እመለሳለሁ። የኦይለር ቀኝ ዐይን ገና በጕልማሳነቱ ጠፋ። በ1766 ወደ ፒተርስቡርግ ከተመለሰ በኋላ በግራው ሞራ ወጣበት፤ በ1771 ሐኪም ቢገፍፍለት ጥቂት ጊዜ አይቶ እንደ ገና ጨለመበት። በዚያው ዓመት ቤቱ ሲቃጠል አንድ የአገሩ ልጅ ተሸክሞ አወጣው። በእኛ አገር ዐይነ ስውር የኔታ መጽሐፉን በቃሉ ይዞ፥ ደቀ መዝሙሩ ሲያነብ የሳተውን ከመቀመጫው እንደሚያርም ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ። ኦይለርም እንዲሁ ሒሳቡን በልቡ እየሠራ ለልጁና ለረዳቶቹ ይነግር ነበር፥ እነርሱም ይጽፉ ነበር። የአልጀብራ መጽሐፉን ያጻፈው ልብስ ሰፊነት የተማረ አንድ አሽከሩን ነው፤ ብላቴናውም ሒሳብ ዐዋቂ ሳይሆን እየጻፈ ሳለ አልጀብራን ተማረ። ከስምንት መቶ ከሚበልጡት የኦይለር ጽሑፎች ግማሽ ያህሉ በዚህ በመጨረሻው ዘመኑ እንደ ተጻፉ ይቈጠራል። እንግዲህ ዐይነ ስውር ልጅ ሲያመጡላችሁ፥ ዜማና ንባብ ይበቃዋል ብላችሁ ሒሳብ አታስቀሩበት።

ኦይለር በሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ዐረፈ። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ አገር በሞቀ አየር የተሞላ ታላቅ ከረጢት ወደ ሰማይ መስደድ ተጀምሮ ነበር። ከሞተም በኋላ፥ ያ ከረጢት እንዴት እንደሚወጣ የሚያሰላ ሒሳብ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ተገልብጦም በፓሪስ የሊቃውንት ማኅበር መጽሐፍ ታተመ።