የዲኤክሷ ማርሽ ለምን ተንቀጫቀጨ?



አዘጋጆቹ «ከሸሕዲ ስለመጣህ ስለ ሰሊጥ ማጨጃ ማሽን አንድ ነገር በለን» ብለውኝ ነበር። ስለ ሰሊጥ ከጀመርኩ እስከ ማታ አልለቃችሁም። ስለዚህ ስለ አንዲት ዲኤክስ ልንገራችሁ። የተሳሳትኩበት ሥራ ነው። ደንበኛ ፊት አይነገርም፣ እናንተ ፊት ግን ይነገራል።

ዲኤክስን የማያውቅ እዚህ የለም። በፈረንጆቹ 1980 አካባቢ ይሠራ የነበረው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሲፈጠር የቤተሰብ መኪና ነበር። የእኛ አገር ጎረምሳ እጅ ሲገባ ግን ዝቅ ይላል፣ ማርሚታው ይቀየራል፣ የስፖርት መኪና ይሆናል። የሚነዳው በኋላ ጎማ ስለሆነ የማርሽ ዘንጉ ቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የተተከለው። ይህን ያዙልኝ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ወጣት መኪናዋን ይዞልን መጣ። ከአዲስ አበባ ሲገዛት የፋብሪካው የማርሽ ዘንግ ወጥቶ አጭር፣ «የስፖርት» የሚሉት ዘንግ ገብቶላት ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲደርስ ትንቀጫቀጫለች። «ኢንጂነር፣ ጆሮዬን በላችው» አለኝ። ከአይከል ቁልቁል ሲወርድም ሁለተኛ ማርሽ አንዳንዴ አልገባ ይለዋል።

እኔም ኢንጂነር ተብዬ የለ! ሰማሁና ወዲያው ፈረድኩ፤ የካምቢዮ ኩሽኔታ ነው አልኩ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። 3000 ዙር በደቂቃ ማለት 50 በሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። ይህን ስሌት እዚሁ ግቢ ተምሬ ጥሩ ውጤት ያገኘሁበት ነው። ስሌቱ ልክ ነበር። ምን እንደሚንቀጠቀጥ ግን አልነገረኝም።

ካምቢዮውን አወረድን። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሦስት ቀን። ጥርሶቹ ደህና፣ ኩሽኔታውም ደህና። ከተከፈተ አይቀር ብዬ ኩሽኔታውን ቀየርኩት። ገጥመን አስነሳናት፤ ድምፁ እንደነበረ ነው። ልጁ የከፈለኝ ገንዘብ ለእርሻ ዝግጅት ትራክተር ሊከራይበት የያዘው መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቆላ ውስጥ ዝናቡ ሳይጥል ያላረሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቁታላችሁ።

ድምፁን ደግሜ ልሰማ ወደ ኮኪት አቅጣጫ ይዣት ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ከቴክኒክና ሙያ ወጥታ ሁለተኛ ወሯን የያዘች ረዳቴ ነበረች። ሦስተኛ ላይ ሲጀምር መዳፏን ማርሹ ላይ አሳርፋ ጫን አለችው። ጸጥ! አነሳችው፤ ጀመረ። ደግማ ጫነችው፤ ጸጥ።

«ጋሼ፣ እዚህ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አፍሬ ነው።

ተመልሰን ዘንጉን ነቀልነው። በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ከላይ ያለው ክዳን ወደ ታች ተጭኖ ሲዞር ይለቃል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የፋብሪካው ዘንግ ኳስ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው፤ የታችኛው ጫፉም ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለው። አጭሩን የገጠመው ሰው ሁለቱንም ጥሎ ብረት በብረት ላይ አስቀምጦታል። ክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን ዘንጉ ከኳሱ በላይ 20፣ ከኳሱ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ታች ያለችው ግማሽ ሚሊ እጀታው ላይ 2 ሚሊ ሆና ትወጣለች። አጭር ዘንግ የእጅን ጉዞ ያሳጥራል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ይጨምራል። ጫፉ ያለ ቆብ ሲላወስ ደግሞ ማርሹን መሳቱ አይቀርም። የአይከሉ ቁልቁለት ምሥጢር ይኸው ነበር።

መለዋወጫው ሸሕዲ የለም። መጀመሪያ ከጀሪካን ፕላስቲክ ቀለበት ቆርጠን ሰጠነው። ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ። የእኛ ሙቀትና የካምቢዮው ሙቀት ተደምረው ፕላስቲኩን አልፈስፍሰው ጠፍጥፈውታል። ሁለተኛውን ከናይሎን ዘንግ ቶርኖ ቤት አስጠረብነው፤ ናይሎን ሙቀቱን በደንብ ይችላል። ልክክ አድርገን ገጠምነውና ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ላይ ግን ማርሹ ጠጠረ። ለካ ናይሎን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ይነፋል! ይህንም ተምሬዋለሁ፤ የቁሳቁስ ትምህርት ደብተሬ ላይ በእጄ የጻፍኩት አለ። ከደብተሩ እስከ ቶርኖው ግን ሩቅ ነው። በጣም ጥቂት ፍቀን፣ ግሪስ ቀብተን መለስነው። አሁን ድምፅም የለ፣ መጠጠርም የለ።

ለልጁ የጉልበቱን መለስኩለት። የኩሽኔታውን ግን አልቻልኩም። ትራክተሩን ዘግይቶ ተከራየ፤ ከያዘው መሬት የተወሰነውን ሳያርስ ቀረ። ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል። ሰላምታው ነው የሚከብደኝ።

መምህራኖቻችን፣ ይህን ያመጣሁት ለወቀሳ አይደለም። ስሌቱን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ክፍተቱ ለምን 2 ሚሊ እንደሆነ ለረዳቴ ያስረዳሁትም በእናንተ ትምህርት ነው። ግን እኔ ተመርቄ ስወጣ ካምቢዮ የሚባል ቃል እንኳ አላውቅም ነበር፤ መጽሐፉ የሚለው «ትራንስሚሽን» ነበር። ጋራዥ የገባሁ ዕለት «ሞላውን አቀብለኝ» ሲሉኝ ካቻቢቴ አቀበልኩ፤ እስካሁን ይሳቅብኛል። ያለቀና የተበላሸ ዕቃ የነካ እጅ ይዤ አልወጣሁም። ላቦራቶሪ ውስጥ ያየነው ሁሉ ደህና የሚሠራ ነበር። ተማሪ ድምፅ ሰምቶ፣ ሳይፈታ፣ በእጁ እየጫነና እየለቀቀ መንስኤውን እንዲያገኝ የሚፈተንበት አንድ ሰዓት ቢኖርስ?

ለመጀመሪያ ያህል በሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን አምጥቻለሁ። ውስጡ ያረጁ ኩሽኔታዎች፣ የተበሉ ጥርሶችና ያ የጀሪካን ቀለበት አሉ። የብረቱ ዘንግም አለበት፤ ባለቤቱ አልፈልገውም ብሎ ሰጠኝ። ዕቃው የእናንተ ነው። ሳጥኑን ግን ስሄድ እወስደዋለሁ፤ ካቻቢቴ የምናስቀምጠው እሱ ውስጥ ነው።