ውሳኔው የማን ነው? የኩላሊት ሕሙማንና የአጥቢያችን ድርሻ

ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬውን ጉዳይ በራሳችን ስሕተት እንጀምር። በአንድ አጥቢያ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ አባት ኩላሊታቸው ሥራውን በማቆሙ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ከተማ እየተመላለሱ ይታጠቡ ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ ጠበሌን እየጠጣሁ በቤቴ እሰነብታለሁ» አሉን። እኛም እምነታቸውን አድንቀን፣ ጸሎት አድርሰን ተመለስን። በዐሥረኛው ቀን ሰውነታቸው አብጦ መተንፈስ ሲያቅታቸው ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። እግዚአብሔር ረድቷቸው ከተሻላቸው በኋላ እውነቱን ነገሩን። እጥበቱን የተዉት ልጆቻቸው የቀሩትን ጥማድ በሬዎች ሊሸጡ ሲመክሩ ስለ ሰሙ ነበር። እኛ ግን ምክንያቱን ሳንጠይቅ የድህነትን ጭንቀት የእምነት ውሳኔ ብለን ባረክነው።

ስለዚህ ሕሙማን የሚመርጡት ከምን መካከል እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ኩላሊት ፈጽሞ ሲደክም ደምን ከቆሻሻና ከትርፍ ውኃ የሚያጸዳ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በመሣሪያ የሚደረግ የደም እጥበት ነው። በተለመደው ሥርዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በአገራችን ብዙዎች ወጪውን ባለመቻል ወደ ሁለት ዝቅ ያደርጉታል። አገልግሎቱ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ስለሚገኝ፣ ለገጠር ሰው እጥበትን መምረጥ ቤት መከራየትን፣ ከማሳና ከአጥቢያ መራቅንም መምረጥ ነው።

ሁለተኛው በሆድ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ እያስገቡና እያስወጡ በቤት የሚከናወነው እጥበት ነው። ከመንገድ ያሳርፋል፤ ነገር ግን ጥብቅ ንጽሕናና የማያቋርጥ የፈሳሽ አቅርቦት ይሻል፤ በአገራችንም እምብዛም አይገኝም።

ሦስተኛው ንቅለ ተከላ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ይህ ሕክምና በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት የሚከናወን ነው።

አራተኛው፣ እርጅናና ሌላ ሕመም ለተደራረበበት ሰው፣ እጥበቱን ትቶ በማስታገሻ ሕክምና፣ በቤተሰብና በጸሎት መካከል ቀሪ ዘመንን ማሳለፍ ነው። ይህ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት፣ የሚመጣው ታውቆ ሲሆን ውሳኔ ነው፤ በገንዘብ እጦትና በእፍረት ሲሆን ግን መገፋት ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ለሕመምተኛው መወሰን አይደለም፤ የራሱን ውሳኔ በነጻነትና በእውቀት እንዲወስን ማገዝ ነው።

በመጀመሪያ እንጠይቅ። «ምን ያስፈራዎታል? ሐኪሙ ምን አለዎት? ከቤተሰብዎ የደበቁት ጭንቀት አለ?» ብለን ለብቻቸው እንጠይቃቸው፤ መልሱንም ሳንቸኩል እንስማ።

ሁለተኛም ጠበልንና ሕክምናን አናጣላ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። በኤች አይ ቪ ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ ለምእመናን አስተምረዋል። ይሁን እንጂ የኩላሊት ሕመምተኛ ሽንቱ ስለሚቀንስ የሚጠጣው ፈሳሽ ሁሉ ይለካል፤ ጠበልም በመጠኑ ውስጥ ይቆጠራል። ሐኪም ከፈቀደለት በላይ እንዲጠጣ አናስገድደው፤ መጠመቅና ጥቂት መቅመስ በረከቱን አያጎድልበትም። የጾሙንም ነገር የነፍስ አባቱ ከሐኪሙ ምክር ጋር አስማምቶ ይምራው።

ሦስተኛም ለጋሹን እንጠብቅ። ኩላሊት መስጠት ታላቅ ፍቅር ነው፤ በዘመድ ጉባኤ ተከብቦ «እንቢ» ማለት ያልቻለ ልጅ ግን ሰጠ አይባልም፤ ተወሰደበት እንጂ። ካህኑ የሚፈራውንም ወጣት ይስማ፤ ምሥጢሩንም ይጠብቅ።

አራተኛም አቅማችንን እንመርምር። የእጥበትን ወጪ በሙሉ መሸከም ለአንድ አጥቢያ ይከብዳል። የመጓጓዣ ገንዘብ፣ በከተማ ማረፊያ የሚሰጥ ምእመን፣ በእርሻ ጊዜ ደቦ ግን በእጃችን ናቸው። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ኩላሊታቸውን በጊዜው እንዲመረመሩ ከዐውደ ምሕረት ማሳሰብም ገንዘብ አይጠይቅም። ቀድሞ ያወቀ ሰው ለመምረጥ ጊዜ ያገኛል።

እኒያ አባት ወደ እጥበታቸው ተመልሰዋል። አጥቢያው የመጓጓዣውን ወጪ ይሸፍናል፤ የማኅበር ወንድሞቻቸው ማሳቸውን ያርሳሉ፤ በሬዎቹም አልተሸጡም። ሦስተኛውን የሳምንት እጥበት ልናስገኝላቸው ገና አልቻልንም፤ ይህንንም ሳንሸሽግ ነግረናቸዋል። እርሳቸውም «አሁን ስመርጥ ብቻዬን አይደለሁም» ብለውናል።

በየአጥቢያችን እንዲህ ያለ ቃል የሚናገሩ ሕሙማን ይብዙልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።