ጎንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ፦ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ

(ለወጣቶች መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፉ)

 

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ ሁሌም ይመላለሳል። «ጎንደርን አይቼ አላውቅም፤ ዘንድሮ ልሄድ ነው፤ ከየት ልጀምር?» የሚል። ዛሬ እሱን እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ጎንደርን መጀመሪያ ያየኋት ተማሪ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር ነው። የአጼ ቴዎድሮስ ምስል ያለበት ጥቁር ቲሸርት ለብሼ ሁለት ቀን ሙሉ ፎቶ ስነሳ ከረምኩ። በሁለተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ አንድ አባት ተቀምጠው አገኘን። ቲሸርቴን አዩና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጎንደር የአርባ አራት ታቦት ከተማ ትባላለች። ታዲያ እንደዚህች ያለ የጥንት መልኩን ይዞ የቀረ ቤተ ክርስቲያን ለምን ጥቂት ሆነ?»

እኔም ፈጠን ብዬ «ደርቡሽ አቃጠለው፣ አባቴ!» አልኩ።

«እሱ ኋላ የመጣው ነው። ፊተኛውስ?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም «ደረትህ ላይ ያለውን ጠይቀው» ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ።

መልሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ጉዞው እንግባ።

ሁለት ሙሉ ቀን ያዙ። በአንድ ቀን የሚሮጥ ሰው ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። በአውሮፕላን ከሆነ የምታርፉት አዘዞ ነው። በመኪና ከባሕር ዳር ከተነሳችሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንፍራዝ ስትደርሱ ግን ሹፌሩን «አንዴ አቁምልን» በሉት። ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ፤ የአጼ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባል፣ ከፋሲል ግንብ በፊት የነበረ። ይህን ቦታ አትለፉት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትረዱታላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለፋሲል ግቢ ነው። አጼ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሯት በ1628 ዓ.ም. ነው። ግቢው 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም አጥር የተከበበ ሲሆን 12 በሮች አሉት። በሮቹን ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው፤ ባልደራስ በርም አለ። ስሞቹን ብቻ ብትሰሙ እንኳ ያ ግቢ የንጉሥ መኝታ ብቻ እንዳልነበረ ይገባችኋል። መንግሥት የሚሠራበት፣ ፍርድ የሚታይበት፣ ግብር የሚበላበት ቦታ ነበር።

ውስጥ ስትገቡ ሕጋዊ የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ። «ጎግል አለኝ» አትበሉ። ገንዘቡ ለከተማው ልጅ ነው የሚገባው፤ እናንተም ትማራላችሁ። በዘመን ቅደም ተከተል እዩት፦ መጀመሪያ በአራቱም ማዕዘን ክብ ማማ ያለው የአጼ ፋሲል ግንብ፣ ቀጥሎ የልጃቸው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ በመጨረሻም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። አያችሁ? አንድ ሰው ሠርቶት የሄደ ሕንፃ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ አባት የጀመረውን ልጅ እየቀጠለ የሠራው ነው። ደግሞ የአባቱን አፍርሶ አይደለም፤ አጠገቡ እየጨመረ ነው። እኛ ዛሬ ከዚህ የምንማረው የለም እንዴ?

በኢያሱ ግንብ ቁሙና ቀና በሉ። ጣሪያ የለውም። በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በኋላ ጣሊያን ግቢውን ለጦር አዛዦቹ ሲጠቀምበት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ደበደቡት። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው እዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሰማዩን ዳራ አድርጎ ሰልፊ ይነሳና ይሄዳል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር።

አሁን ኮሜንት ላይ የምንናቆርበትን ነገር ላንሳ። አንዱ «ፖርቹጋል ነው የሠራው» ይላል። ሌላው «ከውጭ አንድም እጅ አልነካውም» ይላል። ወገን፣ ሁለቱም ይረጋጋ! አጼ ፋሲል እኮ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ጉዛራም ከጎንደር በፊት ግንብ የመሥራት ልምድ እንደነበረ ይመሰክራል፤ እዩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ግን በኖራ የመገንባቱ ሥራ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ከመጡ የሕንድ ባለሙያዎች ጋር ተያይዞ ይነሳል። ድንጋዩን ከጠረቡትና ከገነቡት መካከልም ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። ንጉሡ አዘዘ፣ ከውጭ የመጣ እውቀት ገባ፣ የአገር እጅ ሠራ። ከሌላ መማር ውርደት አይደለም፤ ተምሮ የራስ ማድረግ ነው ትልቁ ነገር። «ማንም አልረዳንም» ብለን የምንከራከር ከሆነ በአንድ መጽሐፍ እንሸነፋለን።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳን በእግር ዙሩ። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራቸው ሕንፃዎች እስካሁን አገልግሎት ላይ ናቸው። ቡናችሁን ጠጡ፣ የአጼ ቴዎድሮስን ሐውልት እዩ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ጎሃ ኮረብታ ውጡና ከተማዋን ከላይ ተመልከቷት። ማታ አዝማሪ ቤት ግቡ፤ አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ በግጥም ሲነካካችሁ እንዳትቆጡ!

ሁለተኛው ቀን በጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ነጠላ ያዙ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ወንዶችና ሴቶች የሚገቡበት በር የተለያየ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ ናቸው። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ወደ ታች ያዩአችኋል፤ ሁሉም ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ፍላሽ አታብሩ፤ ብርሃኑ ቀለሙን ይጎዳል። ቢያንስ አስር ደቂቃ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ከታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። የአካባቢው ሰው «ንብ ወጥቶ አባረራቸው» ይላል።

አሁን የአባታችንን ጥያቄ ልመልስ። ፊተኛው ማን ነው? አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ጎንደርን አዘረፉ፣ አቃጠሉም። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት መቅደላ ወስደው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማቿቸው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ መቅደላን ሲይዝ ከዘረፈው ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ማለትም ጎንደር ሄዳችሁ ማየት የነበረባችሁን መጽሐፍ ለማየት ቪዛ ያስፈልጋችኋል።

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲቀየር ይታየኛል። «ምነው፣ የጀግናችንን ስም ታጠፋለህ?» አላጠፋሁም። ቴዎድሮስ አገር አንድ ላድርግ ብለው የተነሱ፣ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው የሞቱ ናቸው። እሱንም እናውቃለን። ግን ጎንደርንም አቃጥለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። እንግሊዝ የወሰደውን ይመልስ ብለን ስንጮህ፣ ብራናው መቅደላ እንዴት እንደደረሰ የሚጠይቀን ይመጣል። ያኔ እንደ እኔ አፋችሁ እንዳይያዝ። ግማሹን ታሪክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቅርሱን አያስመልስም፤ ያልተቃጠለውንም አይጠብቅም። ቲሸርቱን አልጣልኩትም፤ አሁንም አለኝ። ስለብሰው ግን ሙሉውን አውቄ ነው የምለብሰው።

እንቀጥል። ከሥላሴ ቀጥሎ የፋሲል መዋኛ። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው የሚሞላው። ለጥምቀት ካልሆነ ግን ውሃ አትጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። አትዘኑ። ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙትን የዛፍ ሥሮች የምታዩት ተረጋግታችሁ ስትሄዱ ነው። ጥምቀትን እዚያ ማክበር የምትፈልጉ ደግሞ ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ፤ ጥር 10 ለከተራ የሚደርስ ሰው ወለል ላይም ቦታ አያገኝም። የግቢውን ትኬት አትጣሉ፤ ለመዋኛውም ያገለግል እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ቁስቋም። ብዙ ጎብኚ የሚዘለው ቦታ ነው፤ እናንተ እንዳትዘሉት። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍርስራሹ ብዙ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም እዚያ ነው ያለው። ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደለው በ1761 ዓ.ም. ነው፤ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው መከራም የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የዚያች ከተማ ኃይል የደከመው ደርቡሽም እንግሊዝም ሳይመጣ፣ ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ሲበላሉ ነው። እዚያ ቆማችሁ ስለ ዛሬው አስቡ፤ እኔ አልጨምርበትም።

ጊዜ ከተረፋችሁ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ ወለቃን ታገኛላችሁ፤ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረች ናት። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላ ሥራው ግን አልቆመም። ሳትከራከሩ አንድ ሸክላ ግዙ። ከተማ ውስጥም አዲስ ዓለም ሂዱ፤ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ነው። ጎንደርን የገነባው ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ገበያውም፣ ሸማኔውም፣ አንጥረኛውም ነው።

በመጨረሻ ሦስት ነገር አደራ።

አንደኛ፣ ግድግዳ ላይ ስም አትጻፉ። «እገሌና እገሊት» ብሎ በሚስማር የሚቸክል ሰው የሚጎዳው የዓለም ቅርስ ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ሲጽፍ ያያችሁትን ጓደኛ ደግሞ በፍቅር እጁን ያዙት።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ስትለጥፉ ከሥሩ አንድ እውነት ጻፉ። የማን ግንብ ነው? መቼ ተሠራ? ምን ደረሰበት? ካላወቃችሁ አስጎብኚውን ጠይቁ። «ኩራታችን» የሚል ቃልማ ሁላችንም ጽፈናል፤ ምን እንዳስተማረ እንጃ።

ሦስተኛ፣ እዚያ ካለ አንድ ትልቅ ሰው ጋር ተቀመጡ። ቡና ጋብዙ፣ ጠይቁ፣ አድምጡ። እኔ ከሁለት ቀን ፎቶ ይልቅ እስከ ዛሬ ይዤው ያለሁት የእኚያን አባት ጥያቄ ነው። ፎቶዎቹ ከተሰረቀው ስልኬ ጋር ሄደዋል።

በሉ መልካም ጉዞ! ስትመለሱ ፎቷችሁን ከነታሪኩ ላኩልን፤ ጎንደር ያደጋችሁ ደግሞ የረሳሁትን ጨምሩልኝ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። ቸር ይግጠመን።