በዜማ ጊዜ ስለ እግር አገልግሎት
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ያለው ይህ ደብራችን ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፥ ስለ ዜማ ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። ስለ ድምፅና ስለ እጅ ብዙ ተነግሯልና፥ እኔ ሰው የማያስተውለውን የእግርን ሥራ ልናገር ወደድሁ።

ፒያኖን ያየ ሰው ከግርጌው ፔዳል የሚባሉ መርገጫዎች እንዳሉት ያውቃል። የቀኙ ሲረገጥ አውታሩን የሚያፍነው ማፈኛ ይነሣና፥ እጅ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ድምፁ ይቆያል። እግር ከመነሣት ቢዘገይ የፊተኛውና የኋለኛው ድምፅ ይደባለቃል፤ ቢቸኩል ዜማው ይቆረጣል። ሃርሞንየም ደግሞ ነፋሱን የሚያገኘው ሁለቱ መርገጫዎች እየተፈራረቁ ሲረገጡ ነውና፥ እግር ሲደክም ድምፁም ይደክማል። በጉባኤ ፊት ሲሆን ችግሩ ይበዛል፤ ረጅም ቀሚስ ከመርገጫው ሥር ይገባል፥ ምንጣፍ ይሸበሸባል፥ የዛገ ብረት ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አጎንብሶ ለማየትም ጊዜ የለም። ባዶ የድንጋይ አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል፤ ሸማ በለበሰ ሕዝብ የተመላ ቤት ግን ድምፅን ይውጣል። ስለዚህ በወረቀት የተጻፈ ምልክት ብቻ አይበቃም፤ እግር በየቤቱ ለጆሮ መታዘዝ አለበት።

በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፥ በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማ ኖረዋል። ፒያኖ ሲመቱ የሰማ ሁሉ እጃቸውን ያደንቃል፤ እጅ የለቀቀውን ድምፅ የሚያቆየው ግን እግር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቁም ዜማ ይጀምራሉ፤ በዝማሜ መቋሚያ ያነሣሉ፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይተባበራሉ፤ በጽፋት ይፈጥናሉ። መረግድ የሚለው ስም ራሱ ረገደ ከሚለው የግእዝ ግስ ወጥቶ እግርን ያስታውሳል። አንዱ እጅ ጸናጽል፥ ሌላው መቋሚያ ይዞ ሳለ፥ ሰውነትን ተሸክሞ የዜማውን መጠን የሚጠብቅ እግር ነው። ከበሮ መቺውም ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲመላለስ፥ እግሩ ካልጸና ምቱ ይናወጣል።

ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች ወረቡን ከስልክ ያጠናሉ። ድምፁ ይደርሳቸዋል፤ የእግሩ አካሄድ ግን አይደርሳቸውም። ምንጣፉም የእርምጃቸውን ድምፅ ስለሚውጠው፥ ስሕተታቸውን ራሳቸው አይሰሙትም። በጎንደር በዓታ የአቋቋም ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር ቆሞ መማሩ ከንቱ ልማድ አይደለም፤ እግር ከእግር እንጂ ከወሬ አይማርምና።

እንግዲህ በዚህ በዓል የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን በመምህራን ጎን የሚቆሙበትን ጊዜና ስፍራ ስጧቸው፤ ለልምምዱም ምንጣፉን ጠቅልሉላቸው፥ እርምጃቸውን ራሳቸው ይስሙት። ድምፅ ብቻ ወርሰው እግሩን ካልወረሱ፥ የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት በጎደለ ማኅሌት ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የደብራችንን አገልግሎት ያጽናልን። አሜን።